ተከሳሽ ሆኖ ችሎት መቆም፦ ከጣቢያ እስከ ይግባኝ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ተከሳሽ ጉዳዩን የሚያበላሸው ዳኛ ፊት ከመቆሙ በፊት ነው። ጣቢያ ውስጥ ሳያነብ ይፈርማል። የእምነት ክህደት ቃሉን፣ ማለትም ክሱን ማመን አለማመኑን ሲጠየቅ በአንድ «አዎ» ሁለት ነገር ያምናል። መከላከያ ምስክር አስመዝግብ ሲባል ደግሞ ስም ብቻ ይዞ ይመጣል። ይህ መመሪያ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖርና ጠበቃ በቀላሉ ለማያገኝ ተከሳሽ፣ እንዲሁም ውጭ ሆኖ ለሚሯሯጥለት ቤተሰብ ነው። መሠረቱ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግና የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ናቸው። በሽብርና በሙስና ጉዳይ ጠበቅ ያሉ ልዩ ሕጎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ክስ የመጣበት ሰው ያለ ጠበቃ አንድ እርምጃ አይራመድ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በውጭ ፊልም እንደሚታየው 12 ተራ ዜጎች ጥግ ይዘው የሚያዳምጡበትና «ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም» የሚሉበት ጁሪ በእኛ ችሎት የለም። ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስነው እንደ ጉዳዩ ክብደት አንድ ዳኛ ወይም ሦስት ዳኞች ናቸው። ዳኞቹ ፍርዱን የሚጽፉት መዝገብ ውስጥ ካለው ነገር ተነስተው ነው። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ እንባና መሐላ ፍርድ ሲጻፍ የለም።

ቅድመ ዝግጅት፦ ፋይሉ የት ነው?

የፍርድ ቤቱ ሥልጣን የሚታየው ወንጀሉ ተፈጸመ በተባለበት ቦታ ነው፤ የተከሳሹ መኖሪያ አይታይም። ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ይሄዳል፤ ከባድ ከሆነ ደግሞ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት። የደንብ መተላለፍ በከተማው ፍርድ ቤት ይታያል። ቦታው ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ገላን ከሆነ ግን ጉዳዩ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ነው፤ የችሎቱ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። ዳርቻው ላይ የአስፋልቱ አንድ ጎን አዲስ አበባ፣ ሌላው ጎን ሸገር ከተማ የሚሆንበት ቦታ ስላለ፣ ቤተሰብ ልደታ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ፋይሉ ሰበታ ይገኛል።

ሰው መያዙን እንደሰማችሁ እነዚህን ጻፉ፦ የጣቢያው ስም፣ የመርማሪው ስም፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የተጠረጠረበት ወንጀል። ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ የመዝገብ ቁጥሩንና የችሎቱን ስም ጨምሩበት። አንድ ክላሰር ግዙና እያንዳንዱን ወረቀት በቀን ቅደም ተከተል አስገቡ። የመዝገብ ቁጥር የሌለው ሰው ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ቢሮ ደጃፍ ላይ ቀኑን ይጨርሳል።

ደረጃ 1፦ ጣቢያ፣ የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

1. የተያዛችሁበትን ምክንያት በምትረዱት ቋንቋ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። ይህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው።

2. ስምና አድራሻ ስጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ድርጊቱ ዝም የማለት መብት አላችሁ። «ቃሌን የምሰጠው ጠበቃ ካማከርኩ በኋላ ነው» በሉ፤ ሳትቆጡ፣ አንድ ጊዜ፣ በግልጽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጣቢያ የተሰጠ ቃል በኋላ በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል።

3. ቃል ከሰጣችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። ማንበብ የማይችል ሰው እንዲነበብለት ይጠይቅ። ያላላችሁት ቃል ካለ እንዲሰረዝ ጠይቁ። አልሰርዝም ከተባላችሁ አትፈርሙ፤ ያልፈረማችሁበትን ምክንያትም ለመጀመሪያው ዳኛ ተናገሩ። በባዶ ወረቀት ላይ ወይም ግማሹ ባዶ በሆነ ገጽ ላይ ፊርማም አሻራም አታኑሩ።

4. በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ። ለጉዞው በቂ የሚሆነው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የተያዘው ሰው ካልቀረበ ቤተሰቡ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። በክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት ተረኛ ችሎት ስለሚኖር «ፍርድ ቤት ዝግ ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ።

ተመትታችሁ ወይም ተገዳችሁ ቃል ሰጥታችሁ ከሆነ፦ ይህን ለማን፣ መቼ እንደምትነግሩ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ለዳኛው ተናገሩ፣ ቁስሉን አሳዩ፣ ሐኪም እንዲያያችሁና ይህም በመዝገብ እንዲሰፍር አመልክቱ። በግዳጅ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። ነገር ግን ከአምስት ወር በኋላ፣ ቁስሉ ከዳነ ወዲያ የተነሳ አቤቱታ ለማስረዳት እጅግ ይከብዳል።

ቤተሰብ የመጠየቅ መብት አለው። የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ተዘርዝረዋል። ጠያቂ መታወቂያ ይያዝ። ስለ ጉዳዩ ዝርዝር ግን አጥር ላይ ቆሞ አይወራ።

ደረጃ 2፦ የጊዜ ቀጠሮና ዋስትና

ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ሲል የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ሊፈቅድ ይችላል። «ንጹሕ ነኝ» ማለት ለዚህ ችሎት መልስ አይሆንም፤ ጥያቄው ሌላ ነውና። እንዲህ በሉ፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባለፈው ቀጠሮ ምን እንደተሠራ ይገለጽልን። የቀረው ምርመራ ምንድን ነው? እኔ በዋስ ብወጣ የትኛውን ሥራ አደናቅፋለሁ?» ፖሊስ ባለፈው ቀጠሮ ያለውን ያንኑ ምክንያት ከደገመ ያንን ጠቁሙ። ለዚህ ነው የእያንዳንዱን ቀጠሮ ምክንያት ክላሰሩ ውስጥ መጻፍ የሚያስፈልገው።

ዋስትና የሚከለከለው መቼ ነው? ወንጀሉ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ የተጎዳው ሰው የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ ሕጉ ይከለክላል። በሌላው ጉዳይ ዳኛው ሦስት ነገር ያያል፦ ሰውየው የዋስትናውን ግዴታ አክብሮ መቅረቡን፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽም እንደሆነ፣ ምስክር ያባብል ወይም ማስረጃ ያጠፋ እንደሆነ። ክርክራችሁም በእነዚህ በሦስቱ ላይ ይሁን። ቋሚ አድራሻ፣ ሥራ፣ ልጆች፣ ትምህርት ቤት፦ እነዚህን በወረቀት አሳዩ።

ዋስ ለሚሆን ሰው የሚዘጋጅ፦

• ጥሬ ገንዘብ ከሆነ የተከፈለበት ደረሰኝ ዋናው። ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡን የምታስመልሱት በእሱ ነው፤ ፎቶ አንሱትና ዋናውን ቤት አስቀምጡ።
• የደመወዝ ዋስ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤና መታወቂያ።
• ንብረት ከሆነ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ከሚያረጋግጥ ደብዳቤ ጋር።

ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው የስም ልዩነት ላይ ነው። መታወቂያው «ኃይለ ማርያም»፣ የመፍቻ ትእዛዙ «ኃይሌ» ካለ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ወይም ጣቢያው ሰውየውን አይለቅም። ትእዛዙ ከችሎቱ ከመውጣቱ በፊት የተከሳሹን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። ትእዛዙ ከሰዓት በኋላ ከወጣ እስከ ከተማው ደቡብ ጫፍ ተጉዞ የሥራ ሰዓት ሳያልፍ መድረስ ስላለበት፣ አንድ ዘመድ ሬጅስትራር ጋ ሌላው ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ይቁም።

ዋስትና ከተከለከላችሁ፦ በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጽሑፍ አመልክቱ።

ዋስ የተፈቀደለት ሰው ቀጠሮ ከቀረ የዋሱ ገንዘብ ይወረሳል፣ የመያዣ ትእዛዝም ይወጣል። ከአራብሳ ወይም ከየካ አባዶ የሚነሳ ሰው የታክሲውን ሰልፍ አስልቶ ይውጣ። ችሎት «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ካለ በ2 ተኩል እዚያው ሁኑ። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከቀራችሁ ያንኑ ቀን ወደ ሬጅስትራር ሂዱና የሐኪም ማስረጃ ወይም ሌላ ሰነድ አስገቡ። ፖሊስ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ደረጃ 3፦ ጠበቃ

የመክፈል አቅም ከሌላችሁ ችሎቱ ላይ ተነሱና «ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም፣ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ይመድብልኝ» በሉ። ሕገ መንግሥቱ ይህን የሚፈቅደው ጠበቃ ባለመኖሩ ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ ቅጣቱ ከባድ መሆኑን፣ ማንበብ አለመቻላችሁን ወይም ክሱ ውስብስብ መሆኑን ጨምራችሁ ተናገሩ። ተከላካይ ጠበቃ ብዙ መዝገብ ስለሚይዝ ከችሎቱ በፊት የሚያገኛችሁ ለደቂቃዎች ሊሆን ይችላል። ለእሱ የሚሆን አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ የሆነውን ነገር በቀንና በሰዓት፣ የምስክሮች ስምና ስልክ፣ ያላችሁን ሰነድ። ለጠበቃ አትዋሹ። ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ መሐል እውነቱን ከምስክር አፍ ሲሰማ የሚያደርገው ነገር የለም።

የችሎቱን ቋንቋ የማትሰሙ ከሆነ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ይሰጣል። «ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ» አትበሉ። ሰበታ ችሎት የቆመ አማርኛ ተናጋሪም ሆነ ልደታ የቆመ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ መብቱ አንድ ነው፤ የሚጠየቀውም ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

ደረጃ 4፦ ክሱ ሲደርሳችሁ

ክሱ በጽሑፍ ይሰጣችኋል። ሳትነጋገሩበት ወደ ችሎት አትግቡ፤ ጊዜ ካልበቃችሁ አጭር ቀጠሮ ጠይቁ። በእርሳስ እያሰመራችሁ እነዚህን ፈትሹ፦

• የተጠቀሰው አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ። አንድ ንዑስ አንቀጽ ቅጣቱን ከቀላል ወደ ጽኑ እስራት ሊያሻግር ይችላል።
• ቀንና ሰዓት። «ከምሽቱ 2 ሰዓት» እና «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» እንዳይምታታ፤ «በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ» የሚል መከላከያ ያለው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው ወይም የሚነሳው።
• «ልዩ ቦታው … ተብሎ በሚጠራው» የሚለው ሐረግ። ኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ ብሎክ፣ ታክሲ ማዞሪያና ሳይት ስማቸው ይደባለቃል። ቦታው ከተሳሳተ የፍርድ ቤቱ ሥልጣንም ሊለወጥ ይችላል።
• የማስረጃ ዝርዝር፦ የሰው፣ የሰነድ፣ የኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ)። የሰነዶቹን ኮፒ ጠይቁ።

የክስ መቃወሚያ ካላችሁ ጊዜው ክሱ እንደተነበበ ነው። በዚሁ ጉዳይ ሌላ ፍርድ ቤት ክርክር አለ፣ ቀድሞ ተፈርዶበታል ወይም ነጻ ተብሎበታል፣ በይርጋ (የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ) ታግዷል፣ በይቅርታ ወይም በምሕረት ቀርቷል፣ ከሌሎች ተከሳሾች ጋር አብሮ መታየቱ መከላከሌን ይጎዳል፣ ክሱ ግልጽ አይደለም፣ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፦ እነዚህ መቃወሚያዎች ናቸው። «እኔ አላደረግኩም» መቃወሚያ አይሆንም፤ እሱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው።

ደረጃ 5፦ የእምነት ክህደት ቃል

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ዳኛው ክሱን አንብቦ «ድርጊቱን ፈጽመሃል? ጥፋተኛ ነህ?» ሲል ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቀው። ብዙ ሰው ለመጀመሪያው «አዎ መትቼዋለሁ» ብሎ ስለሚጀምር ሁለተኛውም እንደታመነ ሊወሰድ ይችላል። ራሱን ሲከላከል የመታ ሰው፣ ዕቃው የእኔ ነው ብሎ የወሰደ ሰው፣ ሳያውቅ የተሰረቀ ስልክ የገዛ ሰው ድርጊቱን ቢያምንም ወንጀሉን ላይቀበል ይችላል።

ትክክለኛው አመላለስ እንደየሁኔታው፦

1. ምንም ካላደረጋችሁ፦ «ድርጊቱን አልፈጸምኩም፣ ጥፋተኛም አይደለሁም።»
2. ድርጊቱ ኖሮ ምክንያት ካላችሁ፦ «ጥፋተኛ አይደለሁም። ዝርዝሩን በመከላከያዬ አስረዳለሁ።» እዚያው ታሪክ አትዘርዝሩ።
3. ክሱ በከፊል ብቻ እውነት ከሆነ፦ «ክሱን በተጻፈው መሠረት አላምንም» በሉና የማታምኑትን ክፍል ለይታችሁ ጥቀሱ።
4. ዝም ካላችሁ እንደ ክህደት ይመዘገባል። ጉዳት የለውም።

ማመን የምትፈልጉ ከሆነ ከጠበቃ ጋር ተመካክራችሁ ይሁን። ሙሉ በሙሉ ያመነን ሰው ፍርድ ቤቱ ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። እውነተኛ ጸጸት ለቅጣት ማቅለያ ይጠቅማል፤ ነገር ግን «እመን፣ ትፈታለህ» የሚል የማረፊያ ቤት ምክር ፍርድ ቤቱን አያስገድደውም።

ተሳስታችሁ ካመናችሁ፦ ሳትዘገዩ፣ ፍርድ ሳይሰጥ፣ የሰጣችሁት ቃል የተሳሳተ መሆኑን ገልጻችሁ እንዲለወጥ አመልክቱ።

ደረጃ 6፦ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ዐቃቤ ሕግ ዋና ጥያቄ ይጠይቃል፣ እናንተ መስቀለኛ ትጠይቃላችሁ፣ ዐቃቤ ሕግ ድጋሚ ይጠይቃል፣ ፍርድ ቤቱ በፈለገው ጊዜ ማጣሪያ ያነሳል።

ምስክሩ ሲናገር አታቋርጡ፣ ጭንቅላት አትነቅንቁ። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ ምስክሩ የተናገረውን ጻፉ፣ በቀኝ ጥያቄያችሁን። መስቀለኛ ጥያቄ አጭር፣ አንድ ፍሬ ነገር የያዘ፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስብል ይሁን። ሌሊት አይቼዋለሁ ያለ ምስክርን እንዲህ ጠይቁ፦

«የመንገድ መብራት ነበር?»
«በእናንተ መካከል ያለው ርቀት ከዚህ እስከ በሩ ይበልጣል?»
«ልጁ ኮፍያ አድርጎ ነበር አልህ?»
«ከዚያ ቀን በፊት አይተኸው ታውቃለህ?»

እዚያ ላይ አቁሙ። «ታዲያ እንዴት ለየኸው?» ብላችሁ አትጨምሩ፤ የጎደለውን እንዲሞላ ዕድል እየሰጣችሁት ነው። «ለምን ትዋሻለህ?»ም ጥያቄ አይደለም፣ ጠብ ነው፤ ዳኛው ያስቆመዋል። ጣቢያ የሰጠው ቃል ከችሎት ቃሉ ከተለየ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና የትኛው እውነት እንደሆነ አስነግሩት። ምንም የሚጠየቅ ከሌለ «ጥያቄ የለኝም» ማለት ይቻላል፤ በአንድ ነጥብ ላይ መስቀለኛ አለመጠየቅ ነጥቡን ማመን አይደለም።

ምስክር ካልቀረበና ቀጠሮው ከተደጋገመ፦ ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ በቀን ጠቅሳችሁ ምስክሩ እንዲታለፍ አመልክቱ። ሕገ መንግሥቱ ምክንያታዊ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ የመዳኘት መብት ሰጥቷችኋል።

ደረጃ 7፦ ብይንና መከላከያ

የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካለቀ በኋላ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። ማስረጃው ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው ነጻ ይባላል። «ይከላከል» ከተባለ ቤተሰብ እዚያው አይልቀስ፤ ተፈረደበት ማለት አይደለም።

የመከላከያ ዝርዝር ስታስገቡ ለእያንዳንዱ ምስክር ሙሉ ስም፣ አድራሻና ጭብጥ ጻፉ። «ስለ ጉዳዩ ያስረዳል» ጭብጥ አይባልም። «በዕለቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተከሳሹ በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አብሮት እንደነበረ ያስረዳል» ጭብጥ ነው። ቁርጥ ያለ ነገር የሚያውቁ ሁለት ሰዎች፣ «ጨዋ ልጅ ነው» ከሚሉ ስምንት ጎረቤቶች ይበልጣሉ። ስለ ጠባይ የሚመሰክሩትን ለቅጣት አስተያየት አቆዩአቸው።

መጥሪያ ከሬጅስትራር አስወጡና በጊዜ አድርሱ፤ የደረሰበትን ፊርማ አስመልሱ። መጥሪያ ደርሶት የቀረ ምስክር በፖሊስ እንዲቀርብ ማመልከት ይቻላል፤ ፊርማው ከሌላችሁ ግን ጥያቄው ይወድቃል። ምስክሮቻችሁ ተራቸው ሳይደርስ ችሎት ገብተው አይስሙ። ምን እንደሚሉ አታስጠኗቸው፤ ሐሰተኛ ምስክርነት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

እናንተ ራሳችሁ መናገር ከፈለጋችሁ ከምስክሮቹ በፊት ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ዐቃቤ ሕግ መስቀለኛ አይጠይቃችሁም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ግልጽ እንዲሆንለት ሊጠይቅ ይችላል። ቁሙ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት» ብላችሁ ጀምሩ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል ተናገሩ። አለመናገርም መብት ነው።

ደረጃ 8፦ ፍርድ፣ ቅጣት፣ ይግባኝ

ጥፋተኛ ከተባላችሁ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት የሁለቱም ወገን አስተያየት ይጠየቃል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የተዘረዘሩት ማቅለያዎች በቃል ብቻ አይያዙም፤ ወረቀት አምጡ። የቀድሞ መልካም ጠባይ ከሆነ የወረዳ ወይም የሥራ ቦታ ደብዳቤ፣ ለተጎጂው ካሳ ከተከፈለ በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ስምምነትና ደረሰኝ፣ ሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃ። ንጹሕ ነኝ የሚል ሰው «ፍርዱን በይግባኝ የምቃወም ቢሆንም» ብሎ ጀምሮ ማቅለያውን ያቅርብ። የቅጣት ገደብ (ቅጣቱ ሳይፈጸም ታግዶ እንዲቆይ) ከፈለጋችሁም እዚሁ ጠይቁ። በእስር የቆያችሁበት ጊዜ እንዲታሰብ ከተያዛችሁበት ቀን ጀምሮ አስመዝግቡ፤ ክላሰሩ ላይ የመጀመሪያው መስመር ይህ ቀን ነበር።

ይግባኝ ሁለት የጊዜ ገደብ አለው፣ ሰው የሚረሳው የመጀመሪያውን ነው። ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደምትሉ ማስታወቂያ ታስገባላችሁ። የፍርዱ ግልባጭ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ቅሬታው የተዘረዘረበትን የይግባኝ ማመልከቻ። ግልባጩን ፍርዱ በተሰማበት ቀን ጠይቁና የተቀበላችሁበት ቀን እንዲጻፍበት አድርጉ። የታሰረ ሰው ሁለቱንም በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማቅረብ ይችላል፤ ያስገባበትን ቀን የሚያሳይ ኮፒ ግን ለቤተሰቡ ያውጣ።